በእጅ ያለና በተስፋ ያለ፦ የአንድ የድሬዳዋ ፋብሪካ የ1978 ዓ.ም. ዕቅድ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ስለ ሶሻሊስት የኢኮኖሚ ዕቅድ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ሁለት ጎራ ይዞ ይቆማል። አንዱ ወገን ድሃ አገር ከድህነት የሚወጣው ዛሬ ያለውን አቅም ብቻ በመቁጠር ሳይሆን ከዚያ በላይ በመድፈር ነው ይላል፤ ሌላው ወገን የማይደረስበት ዕቅድ ጥሬ ዕቃ ያባክናል፣ ሪፖርት ያጣምማል፣ በመጨረሻም ሠራተኛው በዕቅድ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት ነገር እውነትነት አለው። ጥያቄው ድፍረቱ የት ላይ፣ ጥንቃቄውስ የት ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው፤ ይህንን ደግሞ በጠቅላላ ንግግር ሳይሆን በአንድ ሥራ ውስጥ ገብቶ ማየት ይሻላል።

ከዚህ በታች የቀረበው በድሬዳዋ የነበረ አንድ አነስተኛ የመንግሥት የምግብ ዘይትና የልብስ ሳሙና ፋብሪካ የ1978 ዓ.ም. በጀት ዓመት ዕቅዱን ያዘጋጀበትና የፈጸመበት ሁኔታ ነው። በወቅቱ በፋብሪካው ፕላን ክፍል በረዳትነት እሠራ ስለነበር የሆነውን በቅርብ ተከታትያለሁ። ሰዎቹም ሆኑ ድርጅቱ በስም አልተጠቀሱም።

ዳራ

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ከባቡሩ ጋር የተወለደ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ሲሆን፣ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካልም ሆነ መለዋወጫ ለብዙ አሥርት ዓመታት የደረሰን በዚያው መሥመር ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. መንግሥት 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ፣ 29 ድርጅቶችን ደግሞ በአብላጫ ድርሻ በያዘ ጊዜ የከተማዋ ፋብሪካዎች አሠራር ተለወጠ፤ ምን ያህል እንደሚመረት፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥና የውጭ ምንዛሪው ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው አዲስ አበባ ባለው ኮርፖሬሽንና ከእሱ በላይ ባለው ሚኒስቴር ሆነ።

ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. የቆየው የሶማሊያ ወረራ ድሬዳዋን በቀጥታ ነክቷታል። ጦርነቱ እስከ ከተማዋ ደጃፍ ደረሰ፣ የባቡር ድልድዮች ፈረሱ፣ ከወደብ የሚመጣው ዕቃ ተቋረጠ። በጥቅምት 1971 ዓ.ም. የብሔራዊ አብዮታዊ ልማት ዘመቻና የማዕከላዊ ፕላን ጠቅላይ መምሪያ ሲቋቋም ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት በፍጥነት ከፍ አለ። ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ዕድገት በአብዛኛው የመጣው በጦርነቱ የቆሙ መሣሪያዎች እንደገና በመነሣታቸውና የቦዘነው አቅም ወደ ሥራ በመመለሱ ነበር። የቆመን መሣሪያ ማስነሣት ጥቂት ገንዘብና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ አዲስ አቅም መፍጠር ግን ብዙ ገንዘብና በተለይም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። በዘመቻው ዓመታት የተገኘው የዕድገት ፍጥነት የኋለኞቹ ዕቅዶች መለኪያ ሲሆን ይህ ልዩነት ተዘነጋ።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ዕቅዱ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት በዓመት በአማካይ 6.5 በመቶ፣ ግብርና 4.3 በመቶ፣ ኢንዱስትሪ 10.8 በመቶ እንዲያድግ ያለመ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የዋለው ግን በታላቁ ድርቅና ረኃብ ላይ ነው። ሐረርጌም ከድርቁ አላመለጠም።

ችግሩ

በ1977 ዓ.ም. ፋብሪካችን ከዕቅዱ በእጅጉ ዝቅ ያለ ክንውን ነበረው። ምክንያቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የቅባት እህል ነው፤ ከባቢሌና ከጉርሱም አካባቢ የሚመጣው ለውዝ በድርቁ ቀነሰ፣ የተገኘውም በመንግሥት ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ወደ ግል ነጋዴው ያመራ ነበር። ሁለተኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ያለ እሱ ሳሙና አይሠራም፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ብቻ ነው።

ለ1978 ከኮርፖሬሽኑ የወረደው መነሻ አኃዝ ይህንን ሁሉ ትቶ የተሰላው ካለፈው ዓመት ዕቅድ ላይ ተነሥቶ ነበር። ባልተሳካው ዕቅድ ላይ ሌላ ጭማሪ ተደረገበት ማለት ነው። በፋብሪካው ውስጥ የተሰጠው ምላሽ ሦስት ዓይነት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አኃዙን እንዳለ እንቀበል፣ እንዲያውም በራሳችን ፈቃድ ጨምረንበት እንመልስ አሉ። ምክንያታቸው ባዶ ጀብደኝነት አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚደለደለው በዕቅድ መጠን ስለነበር ትንሽ ያቀደ ትንሽ ይደርሰው ነበር። የምርት ክፍል ኃላፊው፣ ጥሩ መሐንዲስ ናቸው፣ ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። ከሁለቱ የሳሙና መስመሮች አንዱ ያረጀ ነው ተብሎ እንዲጻፍና አቅማችን ዝቅ ተደርጎ እንዲቀርብ ፈለጉ። እሳቸውም ምክንያት ነበራቸው፤ አንድ ዓመት ከዕቅድ በላይ ያመረተ ፋብሪካ በቀጣዩ ዓመት ያ ትርፍ መነሻ ሆኖ ይጫንበታል።

የፕላን ክፍል ኃላፊው ሁለቱንም አልተቀበሉም። በስብሰባው ላይ የተናገሩት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ የሌለንን እንዳለን፣ ጓድ መሐንዲስ ደግሞ ያለንን እንደሌለን እንድንጽፍ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ዓመቱ አጋማሽ ላይ ይጋለጣል። ያለንንም የሌለንንም ለይተን እንጻፍ።»

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሥራ ግምጃ ቤቱን መቁጠር ነበር። በቢን ካርዱ፣ ማለትም በግምጃ ቤቱ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ላይ፣ የኮስቲክ ሶዳው ክምችት ለአንድ ሩብ ዓመት የሚበቃ ይመስል ነበር። እኔም ካርዱን ገልብጬ ልመለስ ስል የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ «ልጄ፣ ካርዱን ተዪውና በርሜሉን ቁጠሪ» አሉኝ። ከኋለኛው ረድፍ ብዙዎቹ በርሜሎች ክዳናቸው ዝጎ አየር አስገብተዋል፤ ሶዳው እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። በወረቀት ላይ ያለው ክምችትና በእጅ ያለው ክምችት የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅነው የዚያን ቀን ነው። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ከማስላቱ በፊት በርሜል ቢቆጥር ብዙ ጥፋት ይቀር ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ከቆጠራው በኋላ የፕላን ክፍሉ እያንዳንዱን ግብአት በሦስት ምድብ ከፈለ። አንደኛው በእጅ ያለ፣ ሁለተኛው ውል የተፈረመበት ወይም ኤልሲ (ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተለት፣ ሦስተኛው ተስፋ ብቻ ያለው ነው። ከዚያም ሁለት እርከን ያለው ዕቅድ ተሠራ። የመጀመሪያው እርከን በእጅ ባለውና ውል ባለው ግብአት ብቻ የሚመረተውን ይዟል፤ ይህ ያለ ምንም ሰበብ መፈጸም ያለበት ነው። ሁለተኛው እርከን ተስፋ ያለው ግብአት ቢገኝ የሚጨመረውን ምርት ያሳያል። የሁለቱ ድምር ከኮርፖሬሽኑ መነሻ አኃዝ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ምኞቱን አልቀነሰም፤ የቀየረው ምኞቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ በግልጽ መጻፉን ነው።

ለእኔ የአሠራሩ ልብ የነበረው ግን ከአኃዞቹ ጎን የተጻፈው የቀንና የውሳኔ ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ የኮስቲክ ሶዳው ኤልሲ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልተከፈተ ሁለተኛው የሳሙና መስመር ከኅዳር ጀምሮ ለጥገና እንዲቆም፣ በዚያ መስመር ያሉት ሠራተኞችም ወደ ዘይት መጭመቂያውና ወደ ቦይለር (የእንፋሎት ማፍሊያ) ጥገናው እንዲዛወሩ አስቀድሞ ተወስኗል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር በዚህ ላይ ጠንካራ ጥያቄ አነሡ፤ መስመሩ ሲቆም የፈረቃ አበል የሚቀርባቸው ሠራተኞች እንዳይጎዱ ቃል እንዲገባ ጠየቁ፣ ተገባላቸውም። ጥንቃቄ የሚያስከትለውን ወጪ ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በብዙ ዕቅድ ውስጥ ሳይነሣ ያልፋል። እዚህ የተነሣው ሊቀመንበሩ ስላልተኙለት ነው።

የኮርፖሬሽኑ መልስ

ሰነዱ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። የተመለሰው መልስ አጭር ነበር፤ ሁለቱ እርከኖች ተደምረው አንድ አኃዝ ሆኑ፣ ያም የፋብሪካው ግዴታ ተባለ። ቅድመ ሁኔታዎቹና የቀን ሠንጠረዡ ከጸደቀው ሰነድ ውስጥ አልነበሩም።

ይህ ነገር በሶሻሊስት ዕቅድ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ሲጸድቅ የፕላን ባለሙያዎቹ ሁለት አማራጭ አቅርበው ነበር። ከፍተኛው አማራጭ ከመነሻው አማራጭ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ እንዲሳካ ደግሞ በአምስቱ ዓመታት ከባድ የመከር ጉድለት እንዳይኖር፣ የውጭ ንግድና ብድር እንዲሰፋ፣ የማምረቻ ወጪም በፍጥነት እንዲቀንስ ይጠይቅ ነበር። የጸደቀው ከፍተኛው ነው፤ አኃዙ ሲጸድቅ የተመሠረተባቸው ሁኔታዎች ግን ወደ ጎን ተተዉ፣ ከዚያም አልፎ አኃዞቹ ተጨማሪ ከፍ ተደረጉ። በኩባም በ1970 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሥር ሚሊዮን ቶን ስኳር ለማምረት አገሪቱ በሙሉ ተንቀሳቅሳ 8.5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተመረተ። ያ በራሱ ለኩባ ከፍተኛ መጠን ነበር፤ ነገር ግን ጉልበቱና ማጓጓዣው ሁሉ ወደ አገዳው በመዞሩ ሌላው የኢኮኖሚ ዘርፍ ተጎዳ። በእኔ ግምት በሁለቱም አገሮች የጎዳው የአኃዙ ትልቅነት ብቻ አልነበረም፤ ሁኔታው ሲለወጥ አኃዙን ለመለወጥ የሚያስችል በር አለመኖሩ ጭምር ነበር።

በአፈጻጸም የሠራው

ፋብሪካው በውስጥ አሠራሩ የሁለት እርከኑን ሠንጠረዥ ይዞ ቀጠለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት በአንዱ አኃዝ እንዲሆን፣ የሥራ ፕሮግራሙ ግን በእርከኖቹ እንዲመራ ፈቀዱ። መጀመሪያ ላይ አኃዙን ጨምረንበት እንመልስ ያሉት ሰው ይህን ኃላፊነት መውሰዳቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

ኤልሲው እስከ ጥቅምት መጨረሻ አልተከፈተም። በኅዳር ሁለተኛው መስመር ቆመ። የድሬዳዋ ውሃ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማንቆርቆሪያውን ያየ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቦይለሩ ቱቦዎችም ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ደርቦባቸው ነዳጅ ያለ ልክ ይበሉ ነበር። ለዓመታት «ምርት ይቆማል» እየተባለ የተላለፈው ጠረጋ የተከናወነው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሶዳው ዘግይቶ ሲገባ መስመሩ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ በፊት በየጊዜው የሚያቋርጠው የእንፋሎት መውረድም ተቃለለ። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፣ ደመወዙም አልተነካም።

ሌላው የሠራው ነገር የሪፖርት መለወጥ ነው። በየወሩ የሚደረገው ስብሰባ «ለምን አልተፈጸመም» በሚል ወቀሳ ይጀምር የነበረው ቀርቶ የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደተሟላና የትኛው እንዳልተሟላ በማየት ይጀምር ጀመር። የምርት ክፍል ኃላፊው አሮጌ ነው ሊሉት የፈለጉትን መስመር እውነተኛ አቅም በራሳቸው እጅ ጽፈው አመጡ። አቅምን መደበቅ የሚጠቅመው ያለን አቅም መግለጽ ሲያስቀጣ ብቻ ነው፤ ቢያንስ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቅጣቱ ሲቀር መደበቁም ቀረ።

ያልሠራው

ትልቁ ጉድለት ሁለቱን ማነቆዎች ለየብቻ ማስላታችን ነበር። ለውዝ ሲጠፋ ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች በሚመጣ የጥጥ ፍሬ እንተካለን ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ተተካም። በዚያው ዓመት በሐረርጌ የመንደር ምሥረታው በስፋት ይካሄድ ስለነበር፣ ገበሬውም ቤቱን እያፈረሰ ወደ አዲሱ መንደር ያጓጉዝ ስለነበር፣ ከአካባቢው የሚገባው ለውዝ ዝናቡ ከተሻሻለ በኋላም ቶሎ አላገገመም። ነገር ግን ከጥጥ ፍሬ የሚወጣው ዘይት ጥቁርና መራራ በመሆኑ ለምግብ ከመዋሉ በፊት በኮስቲክ ሶዳ መጣራት አለበት። ስለዚህ አንዱን ማነቆ ስናላላ ሌላውን አጠበቅነው፤ ለሳሙናው የተመደበው ሶዳ ወደ ዘይት ማጣሪያው ሄደ። ከማጣሪያው የሚወጣው ዝቃጭ ለሳሙናው ስብ ሆኖ በከፊል ቢያካክስም የሶዳውን እጥረት አልሸፈነም። በሠንጠረዡ ላይ «ለውዝ ከሌለ የጥጥ ፍሬ» የሚለውን መስመር የጻፈ ሰው ቀጥሎ «የጥጥ ፍሬ ከሆነ ምን ያህል ሶዳ» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። በአገር ደረጃ የፖላንዱ ምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚካል ካሌትስኪ ሲያስጠነቅቅ የኖረው ይህንኑ ነው፤ የዕድገት ፍጥነት በመጨረሻ ከውጭ ንግድ ሚዛን ጋር መፈተሽ አለበት፣ አለበለዚያ በአገር ውስጥ የተፈታ የሚመስለው ችግር ዞሮ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የመለኪያው ነው። የሳሙና ዕቅድ የሚለካው በቶን ነበር። በሦስተኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ ከላይ የሚመጣው ግፊት ሲበረታ ሳሙናው ሳይበስልና ሳይደርቅ፣ ውሃው እንደበዛበት ተቆርጦ ወጣ፤ ቶኑ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአንድ ቀበሌ ኅብረት ሱቅ ኃላፊ የሆኑ ሴት በሸማ የተጠቀለሉ ጥቂት ቁራጮች ይዘው ወደ ፋብሪካው መጡ። ጠርዛቸው ተጨማዶ፣ መሐላቸው ሰርጉዶ፣ ከቀድሞው ቁመታቸው በግልጽ አንሰው ነበር። «እናንተ በሚዛን ሰጣችሁን፣ እኛ ደግሞ በኮታ አከፋፈልነው፤ አሁን ሰው የሚጣላው ከእኔ ጋር ነው» አሉ። የፕላን ክፍል ኃላፊው ቁራጮቹን ተቀብለው በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ የእርጥበት ልክ ከቶኑ ጎን እንዲመዘገብ ተደረገ። ዘግይቶ ነበር፤ ኮንትሮባንድ ሳሙናው በገበያው ላይ ቦታ የያዘው በዚያ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው በእኛ እጅ ያልነበረ ነው። በሰኔ ወር ፋብሪካው የመጀመሪያውን እርከን ሙሉ በሙሉ፣ ከሁለተኛው ደግሞ የተወሰነውን ፈጽሟል። በኮርፖሬሽኑ ሒሳብ ግን ይህ «ከዕቅድ በታች» ነበር። ለመጠባበቂያ የያዝነው ጥቂት ሶዳም ወደ ሌላ ፋብሪካ እንዲተላለፍ ታዘዘ። መጠባበቂያ የያዘው ተቀጣ፣ ያልያዘው ተካሰ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ክፍሎች መጠባበቂያቸውን በዝርዝር ለማሳወቅ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ አልፈርድባቸውም።

ለሌላ ቦታ የሚተላለፍ ትምህርት

ከዚህ ጉዳይ ለማንኛውም ዕቅድ አውጪ፣ በሶሻሊስት ሥርዓት ውስጥ ለነበረውም ሆነ ዛሬ ለክልልና ለከተማ ዕቅድ ለሚያዘጋጀው፣ የሚጠቅም አንዳንድ ነገር አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አኃዙ ውስጥ የተደበቀ ጥንቃቄ ውሸት ይሆናል፤ በግልጽ የተጻፈ መጠባበቂያና ቀን የተቆረጠለት ውሳኔ ግን ሁሉም ሊያየውና ሊከራከርበት ይችላል። ድፍረትም እንዲሁ ነው። ትልቅ ግብ ማስቀመጥ መብትም ግዴታም ነው፣ በተለይ ሳሙና በኮታ በሚከፋፈልበት አገር፤ ግቡ የቆመበትን ሁኔታ ሳይጽፉ ማስቀመጥ ግን ኃላፊነቱን ከወሳኙ ላይ አንሥቶ በፈጻሚው ላይ መጣል ነው።

ሁለት አማራጭ ማዘጋጀት ብቻውን አይበቃም። አገራችን በቅርብ ዘመንም አማራጭ ያለው ዕቅድ አይታለች፤ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መነሻና ከፍተኛ የሚባሉ ሁለት የዕድገት አማራጮች ነበሩት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ምን መታየት እንዳለበት፣ መቼ እንደሚታይና ማን እንደሚወስን ካልተጻፈ ከፍተኛው አማራጭ የሁሉም መለኪያ ሆኖ ይቀራል፣ መነሻው ይረሳል።

ማነቆዎች ደግሞ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱን ለማላላት የሚወሰደው እርምጃ ከየትኛው ግብአት ላይ እንደሚቀንስ በዚያው ገጽ ላይ መሰላት አለበት። የመለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በክብደት ብቻ የሚለካ ዕቅድ ክብደት ያመጣል፣ የሚታጠብበት ነገር ማምጣቱን ግን አያረጋግጥም። ዕቅድ ለሕዝብ ፍላጎት የቆመ ነው ካልን፣ እኔም እንደዚያ አምናለሁ፣ የኅብረት ሱቁ ኃላፊ ያመጡት ቅሬታ ከሩብ ዓመቱ ሪፖርት እኩል ወደ ስብሰባው የሚገባበት መንገድ በሥርዓቱ ውስጥ መኖር ነበረበት። በእኛ ፋብሪካ የገባው አንዲት ሴት በራሳቸው ተነሣሽነት በፀሐይ ስለመጡ ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ የሥልጣን ነው። የቀን ሠንጠረዡ የሠራው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከግቢው ውጭ ኤልሲውን የሚከፍተው፣ የቅባት እህሉን ዋጋ የሚቆርጠውና መጠባበቂያውን የሚያዛውረው አካል በሠንጠረዡ አልተገደደም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ከዘመኑ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ የፕላን ክፍሉ ግን እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሁለቱን እርከኖች እያዘጋጀ፣ ኮርፖሬሽኑም እየደመራቸው ቀጥሏል።